ከጎንደር እስከ ላሊበላ ስንት ይርቃል?

ስለ ርቀት የማይናገር ሰው የለም። ርቀት ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ስፍራ «ሩቅ ነው» ሲል፣ ሌላው ስለዚያው ስፍራ «ቅርብ ነው» ይላል፤ ከሁለቱም አንዳቸው አልዋሹም። ምድሪቱ አንዲት ናት፤ የተለያየው ተጓዡ ነው። በእግሩ የሚሄደው፣ በበቅሎ የሚቀመጠው፣ በአውቶቡስ የሚሳፈረውና በአውሮፕላን የሚበረው ስለ አንድ መንገድ ሲነጋገሩ፣ ቋንቋቸው እንደ ተለያየ ሰዎች ሳይግባቡ ይቀራሉ። እኔ በዲላ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት የምድር ትምህርትና ሒሳብ ያስተማርሁ፣ አሁንም በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼ አዘውትረው ይጠይቁኝ የነበረው «ከዚህ እስከዚያ ስንት ይርቃል?» እያሉ ነው። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሰውን ከማክበርና ካለማክበር ጋር የሚገናኝ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለወጣት አንባቢዎች በሁለት የሰሜን ከተሞች ምሳሌ ላስረዳ አሰብሁ።

አባቶቻችን ርቀትን የሚለኩት በቀን ነበር። «የአንድ ቀን መንገድ ነው»፣ «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ይሉ ነበር። መንገደኛ ደክሞት የሚያርፍበትም ስፍራ ምዕራፍ ይባል ነበር። ቃሉ ዐረፈ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ የመጽሐፍ ክፍል ምዕራፍ መባሉም አንባቢው እንደ መንገደኛ ጥቂት ዐርፎ የሚነሣበት ስለ ሆነ ነው። ይህ አለካክ ጉድለት ነበረበት። የጎልማሳ አንድ ቀን ለሽማግሌ ሁለት ቀን ነው፤ የበጋው አንድ ቀን፣ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ሳምንት ይሆናል። ነጋዴና ግብር ሰብሳቢ፣ መሐንዲስና የጦር አዛዥ እንዲህ ባለ ልክ ሊስማሙ አይችሉም። ስለዚህ ኪሎ ሜትር መጣ፤ መምጣቱም መልካም ሆነ። ኪሎ ሜትር ለባለጸጋም ለድኻም አንድ ነው፤ በክረምትም በበጋም አያጥርም፣ አይረዝምም። ነገር ግን ይህን ስናገኝ ያጣነውን ማወቅ ይገባናል። የቀድሞው ልክ ትክክል ባይሆንም ተጓዡን አይረሳም ነበር፤ የአሁኑ ልክ ትክክል ነው፣ ተጓዡን ግን አያውቀውም።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የምድር ትምህርት ያስተማሩን እመቤት ካርታ በጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና አንድ ክር ሰጥተው ርቀት ያስለኩን ነበር። በመጀመሪያ ክሩን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ወጥረን እንለካለን። ቀጥሎ ያንኑ ክር በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ ቀስ እያደረግን እያስተኛን እንለካለን። ከዚያም ሁለቱን ልኮች ጎን ለጎን እንጽፋለን። የመጀመሪያውን የአሞራ መንገድ፣ ሁለተኛውን የሰው መንገድ እንለው ነበር። አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ እኔም ተማሪዎቼን በዚሁ ክር አስተማርኋቸው። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ሁለቱንም ቁጥር በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል። ቢሆንም ክሩን በጣቱ ያስተኛ ልጅ መንገዱ የት እንደሚታጠፍ ያያል፤ የት እንደሚታጠፍ ያየ ልጅም ለምን እንደሚታጠፍ መጠየቁ አይቀርም። ቁጥሩን ብቻ የተቀበለ ግን ጥያቄው አይመጣለትም።

እንግዲህ ክሩን ከጎንደር እስከ ላሊበላ እንወጥረው። ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት የነገሥታት ከተማ ናት። ላሊበላ ደግሞ ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረች፣ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት የላስታ ከተማ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር ላሊበላ በ1978 ዓ.ም.፣ የጎንደሩ የፋሲል ግቢም በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ የእኛም የጌዴኦ መልክዐ ምድር ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ሲጻፍ የእነዚህ ከተሞች ባልንጀራ ሆኗል። ክሩ ተወጥሮ ሲለካ በሁለቱ የሰሜን ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውራ ጎዳናው ግን በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ዞሮ ስለሚሄድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የሰው መንገድ የአሞራው መንገድ እጥፍ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ክሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድም 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክሩ ተወጥሮ ሲለካ ግን 290 ያህል ነው። ለኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው፤ ለአሞራ ግን የሰሜኑ ከደቡቡ በ110 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፌ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ዝም ይል ነበር። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «የሰሜኑ መንገድ አንድ ነገር ፈርቶ ይሸሻል» ብሎ መለሰልኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

መንገዱ የሚሸሸው ገደሉን ነው። ከዲላ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ሐዋሳን፣ ሻሸመኔንና ዝዋይን እያለፈ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ይጓዛል፤ በፊቱ የሚቆም ትልቅ ተራራ የለም። ከጎንደር በቀጥታ ወደ ላሊበላ ልሂድ የሚል መንገድ ግን ወደ በለሳ ቆላ መውረድ፣ ወደ ተከዜ የሚገቡትን ወንዞች ሸለቆ አንድ በአንድ መሻገር፣ እንደ ገናም ወደ ላስታ ተራሮች መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መንገዱን ወደ ደቡብ አዞሩት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ አስጠግተው፣ ውኃው በአንድ ወገን ወደ ተከዜ፣ በሌላው ወገን ወደ ዐባይ በሚወርድበት ደጋ ጀርባ ላይ አስኬዱት። ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን ክፍል ቻይናውያን ስለ ሠሩት ሕዝቡ የቻይና መንገድ ይለዋል። መንገዱ የረዘመው በስንፍና አይደለም፤ ሸለቆውን ንቆ ከመሰበር አክብሮ መዞርን ስለ መረጠ ነው።

ይህን አገር ንቆ ማለፍ እንደማይቻል ታሪክም ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉና መንገድ እያስጠረጉ በመሄዳቸው ጉዞው ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። ያን አምስት ወር የፈጀ መንገድ ዛሬ አንድ አውሮፕላን በሩብ ሰዓት ያህል ከበላዩ ያልፈዋል። ሩብ ሰዓቱም እውነት ነው፤ አምስቱ ወርም እውነት ነው።

ስለ አውሮፕላኑም የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። መንገድ ባልደረሰባቸው ብዙ የአገራችን ክፍሎች ከመኪና ጎማ በፊት የአውሮፕላን ጎማ መሬት ነክቷል። መድኃኒት፣ ደብዳቤና ሐኪም በገደል ላይ ተሻግረው የደረሱት በእርሱ ነው። የጥንቱ ዳግላስ አውሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር፤ ዛሬ በአገር ውስጥ የሚመላለሰው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላቅርብ። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 180 ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ይጨርሳል? ብልህ ተማሪ ወዲያው «በ18 ደቂቃ» ይላል፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ከጎንደር ላሊበላ የሚሄድ ሰው ግን በአየር የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ነው። መሬት ለቆ ከፍ እስኪል ጊዜ ይወስዳል፤ ዝቅ ብሎ፣ ዞሮና ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪያርፍም ሌላ ጊዜ ይወስዳል። መንገዱ አጭር በሆነ መጠን መነሣቱና ማረፉ አብዛኛውን ክፍል ይበላዋል። ስለዚህ የአውሮፕላን ፍጥነት ከዳግላሱ ዘመን እጥፍ ሲሆን፣ የዚህ አጭር ጉዞ ጊዜ በግማሽ አልቀነሰም።

ሒሳቡ በዚህም አያልቅም። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዘዞ በኩል ነው፤ የላሊበላውም ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቆላው ሜዳ ላይ ነው። መንገደኛው በረራው ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲገኝ ይታዘዛል፤ ይፈተሻል፣ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር የግማሽ ሰዓቱ መንገድ ከቤት እስከ ቤት አራት ሰዓት ያህል ይሆናል። አውቶቡሱ ደግሞ መንገዱ ቢቀና ዘጠኝ ዐሥር ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ አውሮፕላኑ በወረቀት ላይ አውቶቡሱን ሃያ ጊዜ ያህል ሲበልጠው፣ በእውነተኛው ጉዞ የሚበልጠው ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቁጥር ሲነገርህ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ጠይቅ።

ይህን ሁሉ ከካርታና ከመጽሐፍ የማውቀውን ያህል በዐይኔም ለማየት የበቃሁት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በይርጋ ጨፌ አቅራቢያ የተወለደ የጌዴኦ ልጅ፣ በጎንደር የጤና ትምህርቱን ፈጽሞ ተመረቀ። የመጀመሪያ ሥራውም ላሊበላ አካባቢ ሆነ። እናቱ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ልጆቻቸውን ከጥቂት የቡና እግርና ከእንሰት ያሳደጉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ብዙ ስላልነበረና የክረምት ዕረፍት ስለ ነበር፣ ለምረቃው እኔ አብሬያቸው እንድሄድ ቤተ ዘመዱ ለመነኝ። ከመነሣታችን በፊት እናቲቱ ወደ ቤቴ መጥተው፦

«መምህር፣ ልጄ የሚመደብበት አገር ከጎንደር ስንት ይርቃል?» አሉኝ።

«በመኪና ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያህል ነው፤ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?» አሉኝ።

«ሁለቱም እውነት ነው» ብላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው እኔ ረዥሙን ልየው» አሉ።

በጎንደር ምረቃው ካለፈ በኋላ ልጁ በቶሎ ሥራው ላይ መገኘት ነበረበት። ቡና የሚነግደው ወንድሙ ለምረቃው ስጦታ የአውሮፕላን ቲኬት ገዝቶለት ነበር። ልጁም ወግ ያለው ልጅ ነውና ቲኬቱን ለእናቱ ሊሰጥ፣ እርሱ በአውቶቡስ ሊሄድ ለመነ። እናቲቱ ግን አልተቀበሉትም። «አንተ ሥራህ ይጠብቅሃል፤ እኔ የምትኖርበትን አገር ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደመና ላይ ሆኜ ምን አያለሁ?» አሉት። እርሱ በአውሮፕላን፣ እኛ ሁለታችን በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረን ተነሣን።

ክረምት ነበር። ከወረታ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋ ሲወጣ ጉም ወርዶ ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ይሄድ ነበር። እናቲቱ በመስኮቱ የሚያዩትን ሁሉ በጌዴኡፋ ይጠይቁኝ ነበር። እንሰት የሌለበት አገር ለእርሳቸው የመጀመሪያ ነው። «ይህ ሕዝብ በክፉ ዓመት ምን ይበላል?» አሉኝ። ገብስና ድንች እንደሚያበቅል ነገርኋቸው። ቤቶቹ ከመንገዱ ርቀው በየሸንተረሩ ላይ አንድ አንድ ሆነው ሲያዩ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲታመሙ ወደ መንገዱ እንዴት ይወጣሉ?» አሉ። ለዚህ መልሱን በዚያው ቀን ማታ አገኘነው።

ጎማ ፈንድቶብን ብዙ ስለ ዘገየን ጋሸና ስንደርስ መሽቶ ነበር። ወደ ላሊበላ የሚገባው መኪና ስለ ሄደ እዚያው አደርን። የጋሸና ብርድ ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ከባድ ነው። በአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ አራት ሰዎች አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ይዘው፣ ንጋት ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የሚሄድ መኪና ይጠብቁ ነበር። ከተከዜ በኩል ከቆላው ተነሥተው፣ በሽተኛዋን እየተቀባበሉ ተሸክመው ዳገቱን ወጥተዋል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የአሮጊቷ ልጅ ነበር። ከየት እንደ መጡ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ባለፈው ወርም ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስደናት ነበር። ‹ዛሬ ሐኪሙ የለም፣ ነገ ኑ› አሉን። ነገ የሚባለው ለቅርብ ሰው ነው። ለእኛ ነገ ማለት ሦስት ቀን ነው። ተሸካሚ ለምነን፣ ስንቅ ሰንቀን፣ አዝመራ ትተን የምንመጣበት ነው። ደግመን ሳንመለስ ይኸው በሽታው ባሰባት።»

ሰውዬው ይህን ሲናገር አልተቆጣም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ነበር። እኔም ቃሉን ወደ ጌዴኡፋ መልሼ ለእናቲቱ ነገርኋቸው። ምንም አላሉም። ለልጃቸው ስንቅ ብለው ከይዘውት የመጡትን ቡና ከፈቱና ባለቤቲቱን ጀበና ጠይቀው፣ ራሳቸው ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ለአራቱም ተሸካሚዎች አጠጧቸው። ለአሮጊቷም በእጃቸው ደግፈው ጥቂት አቀመሷት። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ቡናው ግን ተናገረላቸው። ንጋት ላይ በሽተኛዋን በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ሆነች አላወቅንም።

በማግስቱ ከጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ቁልቁለትና ዳገት ሄደን ላሊበላ ደረስን። ልጁ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ ቤት ተከራይቶ ጠበቀን። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ እናቱ ስለ ብርዱም ስለ ጎማውም አላነሡም። በጌዴኡፋ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ አንተ ወደዚህ አገር የመጣኸው በአሞራ መንገድ ነው። ወደ አንተ የሚመጡት ሰዎች ግን በዚያ መንገድ አይመጡም። እናቱን ተሸክሞ የሚመጣ አለ። አደራህን፣ መጀመሪያ መንገዱን ጠይቅ፤ በሽታውን ከዚያ በኋላ ጠይቅ። ልትጨርሰው የምትችለውን ነገርም ነገ ና አትበል።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔ በሠላሳ አራት ዓመት የሰሌዳ ትምህርት ይህን ያህል በጥቂት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕረፍት ወደ ዲላ መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ የእናቱን ቃል እንዴት እንደ ጠበቀ አጫወተኝ። በእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ ጥግ ላይ «ከየት፣ በስንት ሰዓት» የሚል ቃል ይጽፋል። ከሩቅ የመጣውን ያስቀድማል። መድኃኒቱን ሲሰጥ የመመለሻው መንገድ ለረዘመበት የሚበቃውን ያህል አስቦ ይሰጣል። ቀጠሮም ሲሰጥ ከገበያ ቀን ጋር ያገጣጥመዋል፤ ገበሬው ለገበያ መምጣቱ ስለማይቀር አንዱ መንገድ ለሁለት ጉዳይ ይሆንለታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ተጨማሪ ገንዘብ አላስፈለገውም፤ ተጨማሪ መሣሪያም አላስፈለገውም። ያስፈለገው ሌላው ሰው የመጣበትን መንገድ ማወቅ ብቻ ነው።

ርቀትን የሚያረዝመው ገደልና ወንዝ ብቻ እንዳልሆነም ከዚያ ወዲህ በመጣው ዘመን አየን። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እሳቱ ላሊበላ ሲደርስ በረራው ተቋረጠ፤ መንገዱም ለሰላማዊ ሰው የማይታለፍ ሆነ። 180 ኪሎ ሜትሩ አልተጨመረበትም፤ ከተሞቹም ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ሆኖም በጎንደር ያለ ልጅ በላሊበላ ያለች እናቱን መጠየቅ የማይችልበት ወራት ነበር። እኛም ይህን በቤታችን ቀምሰነዋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ጠብ ብዙ መቶ ሺሕ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በአንድ ገበያ ይገበያዩ፣ ይጋቡና ይዋለዱ የነበሩ ሰዎች፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የሆነውን ጎረቤት ከባሕር ማዶ ይልቅ ሩቅ አደረጉት። ይህን ዐይነት ርቀት አውሮፕላን አያሳጥረውም። የሚያሳጥሩት የሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባቶቻችን ጎንዶሮ የሚባለውን የዕርቅ ሥርዐት ያቆሙልን ደም የለያየውን ጎረቤት እንደ ገና ወደ ጎረቤቱ ለመመለስ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲባል ቅርብ የሚያሰኘው የመሬቱ ማነስ ሳይሆን የልቡ መከፈት ነው።

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በአንድ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ መዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ አንዷ አስተማሪ ትሆናላችሁ። በጠረጴዛው ፊትም ከቡሌ ደጋ ብርድ ለብሶ፣ ወይም ከጌዴብ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው ይቆማል። በካርታችሁ ላይ ቡሌ ለዲላ ቅርብ ናት፤ በመኪና ለሚሄድ ባለሥልጣንም ቅርብ ናት። ያ ሰው ግን ለመኪና የሚከፍለው ሳንቲም ባይኖረው፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ይመለሳል። እናንተ «ነገ ተመለስ» ስትሉ ሁለት ቃል ተናገራችሁ፤ እርሱ ግን ሁለት ቃላችሁን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ቃሉን ለመናገር የወሰደባችሁ ጊዜ የአውሮፕላኑን ጊዜ ይመስላል፤ ቃሉን ለመፈጸም የሚወስድበት ጊዜ ደግሞ የቴዎድሮስን መድፍ ጊዜ ይመስላል።

ይህን ስል ቀጠሮ ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ዛሬ የማያልቅ ሥራ አለ፤ የሌለ ሐኪም ሊታከም አይቀርብም፤ ያልተሟላ መዝገብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬ የማያልቀውን «ነገ» ከማለት «ሐሙስ በሦስት ሰዓት» ማለት፣ በቃል ከመናገርም በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ ሊያመጣ የሚገባውን ሁሉ አንድ ጊዜ ዘርዝሮ መንገር ይቻላል። ዛሬ ሊያልቅ የሚችለውን ደግሞ ለነገ ማሳደር ከሰው ዕድሜ ላይ ቀን መስረቅ ነው። ገንዘብ የሰረቀ ሰው ቢያዝ ይመልሳል፤ የተሰረቀ ቀን ግን ለባለቤቱ የሚመለስበት መንገድ የለም።

አሁንም በዕድሜዬ መጨረሻ ተማሪ ቢጠይቀኝ ክሩንም ቁጥሩንም ትቼ አልመልስም። ከጎንደር እስከ ላሊበላ በአሞራ መንገድ 180፣ በሰው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር ግማሽ ሰዓት፣ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ነው እለዋለሁ። ይህን በደብተሩ ከጻፈ በኋላ ግን ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር እንዲተው እነግረዋለሁ። ያ መስመር የሚሞላው ከካርታ አይደለም፤ በፊቱ የቆመውን ሰው «ከየት መጡ? በስንት ሰዓት ተነሡ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።